ትምህርት ቤትን በጃፓንኛ ብቻ የምታውቀው ሴት

የሞቷን ወሬ የነገረኝ ሽንኩርት ነጋዴ ነው። ቅዳሜ ዕለት ጂንካ ገበያ ላይ ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ከገዘር እያመጣ የሚሸጥልኝ ሰውዬ ድንገት ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ «ያቺ ማሰሮ የምታመጣልሽ ሴትዮ ሞታለች፤ ሌላ ፈልጊ» አለኝ።

«የትኛዋ?» አልኩት። የትኛዋ እንደሆነች አውቄያለሁ።

«ሻሌ ናታ! ያቺ ከጃፓኗ ጋር ስትቀባጥር የነበረችው።»

«መቼ ሞተች?»

«እኔ ምን አውቄ። እነሱ ሰፈር ለቅሶ አንደርስም እኮ እኛ።» ከዚያ ፊቴን አየና ሣቀ። «ምነው መምህርት፣ ማሰሮ እንደሁ ሞልቷል!»

የመረጥኩትን ሽንኩርት አንድ በአንድ መልሼ ቅርጫቱ ውስጥ ከተትኩና ሄድኩ። ነፍስ ይማር እንኳ አላልኩም። እሱ ፊት ብለው ቃሉ የሚቆሽሽ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ነጠላዬን ስሰቅል ነው ሌላ ሐሳብ የመጣብኝ። ሰውዬው ምን አጠፋ? እኔስ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከእሱ በምን እበልጥ ነበር?

ስለ ሞተ ሰው ሲጻፍ ደግ ደጉን ማውራት የተለመደ ነው። የሻሌን ደግ ደግ እናገራለሁ፤ ከእሷ ጋር ተያይዞ የሚመጣብኝን ነገር ሁሉ ግን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። እውነቱ ይህ ስለሆነ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

ሻሌ ከገዘር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የአሪ መንደር የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። አጭር ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ክንዷ እስከ ክርኑ ሁልጊዜ በደረቀ ጭቃ የነጣ። ሐሳብ ሲይዛት አውራ ጣቷን በሌባ ጣቷ ላይ ታሻለች፣ ጭቃው ለስልሶ እንደሆነ እንደምትፈትን። አማርኛዋን ገበያ ላይ የለቀመችው ስለሆነ እኔንም «አንተ» ነበር የምትለኝ፤ ስለ ራሷ ስታወራም ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል «እኔ ይሠራል፣ እኔ ይሄዳል» ትላለች። ንቀት አልነበረበትም፤ ቋንቋውን ያስተካከለላት ሰው ስለሌለ ነው። ይህች ፊደል ያልቆጠረች ሴት በትምህርት ቤት ውስጥ የሚገኘውን ዕቃ ሁሉ በስሙ ትጠራው ነበር፤ በጃፓንኛ። በአማርኛ አታውቀውም። በአሪኛም «እኛ ጋ ይሄ ዕቃ የለም፣ ስም የለም» ትላለች። በጃፓንኛ ብቻ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ማለት አለብኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጎጃም ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ዕጣዬ ጂንካ ላይ ጣለኝ፤ አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እናቴ ዳዊቴን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝና፣ «ከማታውቂው ሰው እጅ እንዳትበዪ» ብላ ሸኘችኝ። ይህን ምክር ከዳዊቱ አብልጬ ጠብቄዋለሁ።

እኛ አገር ሸክላ ሠሪ በደጅ ስታልፍ እናቴ ድስቱንም እኔንም ትከድን ነበር። በዓይናቸው ይበላሉ ይባላል። ጂንካ ስመጣ ደግሞ የአሪ ገበሬዎች ሸክላ ሠሪዎቻቸውን ማና ብለው ለይተዋቸው አገኘሁ። እዚህ ዓይናቸውን የሚፈራ የለም፤ የሚጸየፉት ንክኪያቸውን ነው። ገበሬው ቤታቸው አይገባም፣ አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባቸውም። ጎመኑን የሚቀቅለው ግን እነሱ በሠሩት ማሰሮ ነው። እኔ ሁለቱንም ደርቤ ያዝኩ፤ ከአገሬ ያመጣሁትን የዓይን ፍርሃትና እዚህ ያገኘሁትን የንክኪ ጥየፋ።

በአንዱ ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ሻሌ መንደር ተመደብኩ። ያረፍኩት እትዬ አስካለ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነው፤ አያቶቻቸው ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ጾም የማይገድፉ፣ እኔንም እንደ ልጃቸው የሚቆጣጠሩ ሴት ነበሩ። የማስተምረው በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መስተዋት የሌላቸው ሁለት መስኮቶች፣ ከግንድ የተጠረቡ አግዳሚዎች። ተማሪዎቼ አርባ የሚሆኑ ገበሬዎችና ሚስቶቻቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ በቀለ መዝገቡን ይዞ ስም ጠራ። የመንደሩ ተወላጅ ነው፤ ንግግር የሚችል፣ ኮፍያውን ከቤት ውስጥም የማያወልቅ ሰው። «አበበች!» ሲል ከውስጥ የመለሰ የለም። ከመስኮቱ ውጭ ነው «አለ!» የሚል ድምፅ የመጣው። ሻሌ ነበረች። የገዛ ስሟ ለመዝገብ አይመችም ተብሎ አበበች ተብላ ተጽፋለች።

«ለምን አትገባም?» አልኩት።

«ጓድ መምህርት፣ እሷ ከውጭ ነው የምትከታተለው።»

«ዝናብ ነው እኮ።»

«ጣሪያው ወጣ ያለ ነው፣ አይነካትም። ደግሞ ጆሮ አላት፣ ትሰማለች!»

ሰዎቹ ሣቁ። አንዱ ወለሉ ላይ ተፋ። ምራቁ ከእግሬ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው ያረፈው። እሷ በመስኮቱ ብቅ ባለች ቁጥር የሚተፉ ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ሲያንሸራትት እጠነቀቅ ነበር። በምራቅ በራሰ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቆሻሻ የሚሏት እሷን ነው። ያኔ ይህ አልታየኝም። ያኔ የተሰማኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይታ ነበር። ውጭ ትሁን የሚለው ቃል ከእኔ አፍ አልወጣም፤ እሷም ከእኔ ራቀች።

ትምህርቱን የጀመርኩት በእጄ ያለውን በማሳየት ነው። ጠመኔውን ከፍ አድርጌ፣ «ይህ ምን ይባላል?» አልኩ። አንዱም ሳይመልስ ከመስኮቱ፣

«ቾኩ!»

«ቾክ ማለቷ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ከተሜ ልትሆን!»

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ሰሌዳውን ቆረቆርኩ።

«ኮኩባን!»

አሁን የሣቀ የለም። ጭቃ የነካው ክንድ በመስኮቱ ገባና እየጠቆመ፣ ሳልጠይቃት፣ «ጹኩዌ» አለች ጠረጴዛዬን፤ «ኢሱ» አለች የምቀመጥበትን ወንበር፤ «ሆን» አለች መጽሐፉን። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ጋቢዋን ሰብስባ ሸሸት አለች።

«ትረግመናለች!» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ምን እርግማን ነው፣ የዚያች የጃፓን ቋንቋ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አስረዳኝ። «ስለ እርሻችን ላጥና ብላ መጥታ እዚህ ከርማ የሄደች ሴት ነበረች። ከዚህ ሁሉ ሰው መርጣ ከእሷ ጋር ነበር የምትውለው። ምን ታድርግ፣ አላወቀችም!»

በዕረፍት ሰዓት ወጣሁ። ስለ ትምህርቱ አሳስቦኝ ብል ጥሩ ነበር፤ የወጣሁት ለወሬ ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ መለስ አድርጌ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ ቆምኩ።

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ጃፓን። እኔ ጭቃ ይሠራል፣ እሷ ስም ይሰጣል።»

ከብብቷ ሥር በኮባ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና መሬት ላይ ፈታችው። አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ ከማሰሮ ጋር የተተኮሱ የሸክላ ቅርጾች ናቸው። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ሰሌዳ፣ መጽሐፍ፣ እርሳስ፣ ሁለት መዝጊያ ያለው መስኮት፣ እጇን ወደ ላይ ያነሣች አስተማሪ። በየተራ ደረደረቻቸው። አንድ ሙሉ ክፍል ሆነ።

ታሪኩን በቁርጥራጭ ነው የነገረችኝ። ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር ማሰሮ ተሸክማ ገዘር ስትወርድ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ያልፉ ነበር። አንድ ቀን እናቷን አስቸግራ ደጁ ድረስ አስወሰደቻት። ልጆቻችንን እናስወጣለን የሚሉ ወላጆች ስላሉ አይሆንም ተባሉ። ከዚያ በኋላ ባለፈች ቁጥር በመስኮት ታያለች፤ የሚታያት ግን የልጆቹ ጀርባ ብቻ ነው። ምን ላይ እንደተቀመጡ፣ ከፊታቸው ምን እንዳለ፣ ምን እንደሚያዩ አታውቅም። ጃፓኗ ስትመጣ በአገሯ የሕፃናት አስተማሪ የነበረች ኖሯል። ቋንቋ እንለዋወጥ ብላ ውሃ፣ እሳት፣ ምግብ ልታስተምራት ስትጀምር ሻሌ እምቢ አለች።

«ውሃ እኔ ያውቃል፣ አልኩት። እሳት ያውቃል። ጋኮ ውስጥ ምን አለ? እሱን ንገረኝ።»

ጋኮ ትምህርት ቤት ነው። ጃፓኗ የክፍል ሥዕል በወረቀት ሣለችላት። ሻሌ ወረቀቱን አላመነችውም። ሥዕሉን በጭቃ እየሠራች ስታሳያት፣ ጃፓኗ ያልተስተካከለውን እያስተካከለች የእያንዳንዱን ስም ነገረቻት።

«ያዝ» አለችኝና ትንሿን አስተማሪ ወደ እኔ ገፋች። «ሰንሴ ይባላል። አንተ ነህ።»

እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። አየችኝ። ተነሥታ ከጓሮው እንሰት የኮባ ቅጠል ቀደደችና አጠገቤ አኖረችልኝ።

«በሱ ያዝ። እኔ አይከፋም።»

በኮባው ያዝኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄን መታጠብ ያምረኛል፤ ከእሷ አይደለም፣ ከዚያ ቅጠል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕረፍቱ እወጣ ነበር። ደኅና አስተማሪ ነበረች፣ ከእኔ በጣም የተሻለች። ቅርጾቹን ደርድራ ዓይንህን ጨፍን ትለኛለች። አንዱን በመዳፏ ትሸፍንና «የትኛው ጠፋ?» ትላለች። ከሳትኩ አትነቅፈኝም፤ መዳፏን አንሥታ ዕቃውን ታሳየኝና እስኪመጣልኝ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሲመጣልኝ ግን ጭኗን መታ አድርጋ «ይኸው!» ትላለች፣ ራሷ ያገኘችው ያህል ደስ ብሏት። እኔ ውስጥ ሆኜ በጩኸትና በአርጩሜ ሀሁን ሳስተምር እዚህ ውጭ እሷ በዝግታ ከደርዘን በላይ ቃል አስያዘችኝ። ኤንፒጹ እርሳስ ነው። ማዶ መስኮት ነው። ከሺጎሙ ላጲስ ነው። ይህን ላጲስ ሠርታ የሰጠችኝ ዕለት፣ «ጃፓን እንዲህ አለች፤ ስትሳሳት አይመቱህም፣ ይሄ ያጠፋልሃል» ብላ እስክትደክም ሣቀች። «እውነት ነው ሰንሴ? አይመቱም?»

«አንዳንዴ ይመታሉ» አልኳት።

«አይ፣ ያ ጋኮ አይደለም» አለች። ፍርዷ ይህ ነበር፣ አልተከራከርኳትም።

በመስኮቱ የምትሰማውን ፊደል ደግሞ በከሰል ገል ላይ ትጽፈው ነበር። የተሰበረ ማሰሮ እሷ ቤት ሞልቷል። ወሩ ሳያልቅ ከውስጥ ካሉት ግማሾቹ የማይለዩትን ፊደል ሁሉ ለይታ ጨረሰች። ገሉን በመስኮቱ ከፍ አድርጋ ስታሳየኝ በጠመኔ ምልክት አደርግላታለሁ። የጠመኔውን ጫፍ ብቻ ነበር የማስነካው።

እትዬ አስካለ ሰምተው ኖሮ አንድ ቀን እጄን ስታጠብ መጡ።

«ልጄ፣ ከዚያች ጋር ትቀመጫለሽ የሚሉት እውነት ነው?»

«ቆሜ ነው የማናግራት፣ እትዬ።»

«ቆመሽም ቢሆን። ሆድሽን አላመመሽም?»

«ኧረ ደኅና ነኝ።»

«በአመድ ታጠቢው፣ በአመድ። የእናትሽ አደራ አለብኝ።»

በአመድ ታጠብኩ። እኔና እትዬ አስካለ በዚያ ሰፈር ውስጥ ሁለት የታወቅን ጸሎተኞች ነበርን። ጠዋት ዳዊት ደግመን፣ ማታ እንሰግዳለን። በመሐሉ በአመድ እንታጠባለን።

ፈተናው ሲቃረብ ሻሌ ሌላ ነገር ማንሣት አቆመች። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

«ፈተና ቀን ሁሉም ውስጥ ነው?»

«ሁሉም ውስጥ ነው።»

«እኔም ውስጥ?»

«አንቺም ተማሪ ነሽ።»

«አንተ ሰንሴ ነህ። አንተ ግባ ካልክ እኔ ይገባል።» አውራ ጣቷን አሸች። «ወረቀት ባይሰጡኝም ይሁን። ውስጥ መቀመጥ ነው እኔ የፈለገ። ውስጥ ተቀምጦ ኮኩባን ማየት።»

«እሺ» አልኳት። ማለቱ ቀላል ነበር።

የፈተናው ዕለት ከአውራጃው አስተባባሪ መጣ፤ ወጣት፣ የጫማው ጭቃ ያበሳጨው ሰው። ሁሉም ገብተው አግዳሚዎቹን ይዘዋል። ሻሌ መጣች። ታጥባ ነው የመጣችው፤ ክንዷን ያለ ጭቃ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፣ የማላውቀው ሰው ክንድ መሰለኝ። ጀርባዋ ላይ ከባድ ነገር አዝላለች። በሩ ላይ አወረደችው። ከሸክላ የተሠራ፣ ክብ፣ መሐሉ ዝቅ ያለ መቀመጫ ነው። ሳይሰነጠቅ ለመተኮስ ስንት ጊዜ እንደሞከረች እንጃ።

«ኢሱ አመጣሁ» አለች። «የማንም እንጨት አይነካም። ከሁሉም ኋላ ይቀመጣል።»

መጀመሪያ የተነሣው እርግማን ነው ያለው ሽማግሌ ነው። ቀጥሎ ሚስቱ። ቀጥሎ ግማሹ ቤት።

«መቀመጫው የራሷ ነው እኮ!» አልኩ።

«ጭቃውስ የማን እጅ ነው?» አለ ሽማግሌው። «እሷ ከገባች እኛ እንወጣለን።»

ሊቀመንበሩ ወደ አስተባባሪው ጠጋ ብሎ፣ «ጓድ፣ እነዚህ ከወጡ ሪፖርቱ ላይ ምን ልንጽፍ ነው?» አለው። አስተባባሪው ሰዓቱን አየ።

«መመሪያው የተመዘገበ ሁሉ ይፈተን ነው የሚለው» አለ። «የት ተቀምጦ አይልም። የክፍሉ ኃላፊ መምህርቷ ናት፣ እሷ ትወስን።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሻሌም አየችኝ፤ እሷ ግን ያየችኝ ነገሩ እንዳለቀ ሁሉ ፊቷ ፈክቶ ነው። ሥልጣኑ እኔ እጅ ገብቷላ። ትግባ ብል እነሱ ይወጡ ነበር፤ ዝናቡ ጥቂት ሲቆይባቸው ይመለሱም ይሆናል። ይህን ያኔም አስቤዋለሁ። ያላሰብኩት አይደለም።

«ለሰላም ሲባል…» አልኩ። ልብ በሉ፣ በቅዳሴ የምሰማውን ቃል ነው ያነሣሁት። «ለሰላም ሲባል ለዛሬ ከውጭ ትፈተን። ጥያቄውን በመስኮት አነብላታለሁ።»

«ጎበዝ!» አለ ሊቀመንበሩ። ሽማግሌው ተፍቶ ተቀመጠ።

ሻሌ መቀመጫዋን አዝላ ዞረችና መስኮቱ ሥር አኖረችው። ወረቀቱን በመስኮቱ ሰጠኋት። ንፋሱ በዚያ በኩል ነበርና ወጣ ያለ የተባለው ጣሪያ ምንም አላዳነም። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በጀርባዋ ዝናቡን እየከለከለች ጻፈች። ስሰበስብ ከግማሹ በላይ ርሶ ነበር። ይነበብ ግን ነበር፤ እኔ አንብቤዋለሁ። ከላይ ስሟን ጽፋለች፤ ሻሌ።

አስተባባሪው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። «ይህ አይታረምም። ስሙም ከመዝገቡ ጋር አይገናኝም፤ መዝገቡ አበበች ነው የሚለው።» በስሟ ትይዩ «አልተፈተነችም» ብሎ ጻፈና መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። ፈረምኩ። ፊርማዬ ቆንጆ ነበር፣ ጊዜ ወስጄ ነው የፈረምኩት።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ጂንካ እንደተመለስኩ ለንስሐ አባቴ፣ በጾሙ መሐል ሳላውቅ ቅቤ የነካው ጎመን መብላቴን ተናዘዝኩ። በጣም ጨንቆኝ ነበር፣ አልቅሻለሁም። «ሌላስ አለ ልጄ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሻሌን ለብዙ ጊዜ የማያት በቅዳሜ ገበያ ነው። ማሰሮዎቿን በሣር ደርድራ ትቀመጥና ከሩቅ ስታየኝ፣ በሰው መሐል፣ «ሰንሴ!» ብላ ትጣራለች። ያቺ የሸክላ አስተማሪ እጇን እንዳነሣች ያህል እጇን ከፍ አድርጋ። ሰው ዞሮ ያየኛል። የማያስፈልገኝን ማሰሮ እየገዛሁ ቶሎ እሄድ ነበር። ስለ ፈተናው አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ቂም ይዛ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን እንዲህ አለችኝ። «የአንተ ጋኮ ቅዳሜ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው። ምነው?»

«አንድ ቀን ክፈትልኝ። ትንሽ ይቀመጣል፣ ኮኩባን ያያል፣ ይወጣል። ሰው የለም፤ ማንም ተነሥቶ አይወጣም።»

ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «የሚቀጥለው ቅዳሜ» አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የፈተና ወረቀት ተቀምጦበታል አልኳት። ሌላ ጊዜ ግድግዳው እየተቀባ ነው። ሌላ ጊዜ ተቆጣጣሪ ይመጣል። አንድ ጊዜማ ጾም ነው አልኳት፤ ጾም በር ከመክፈት ምን እንደሚያግድ እኔም አላውቅም። ሁሉንም «ይሁን» ብላ ተቀበለችኝ። እኔ የምፈራው መምህራኑን ነበር፤ ያየ ሰው ምን ይላል፣ የትኛው ወላጅ ሰምቶ ምን ያመጣል እያልኩ። ተማሪዎቼ ሰኞ በዚያ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ እሷ እንደተቀመጠችበት የማውቀው እኔ ብቻ መሆኔ ራሱ ያስፈራኝ ነበር።

በመጨረሻ ከመሐል ገበያ ቶሎ እንድትለቀኝ ብዬ፣ «የዛሬ ሳምንት ያለ ጥርጥር» አልኳት።

ያን ቅዳሜ ሌሊቱን ዘንቦ ያደረ ጠዋት ነበር። የምር ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም፤ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ገብቼ ደብተር እያረምኩ ነው። ወለሉን እንዳላቆሽሽ ጫማዬን ከውጭ ደፉ ላይ አውልቄ፣ በሩን ከውስጥ ሸጉሬዋለሁ። የዘበኛውን ድምፅ ሰማሁ።

«ወዴት ነው?»

«ሰንሴ ዛሬ አለ። ጋኮ ይከፍታል።»

ብድግ ብዬ ሁለት ዴስኮች መሐል ቁጢጥ አልኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ። ያኔ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ።

«ቅዳሜ እኮ ነው፤ ማንም የለም፣ ሂጂ» አለ ዘበኛው።

«አለ። ጫማው ይኸው።»

ዘበኛው ሣቀ። «ረስታው ሄዳ ይሆናላ! አንቺም ደግሞ።»

የእርምጃው ድምፅ ራቀ። እሷ አልሄደችም። ማሰሮዎቿን ከጀርባዋ ስታወርድ፣ እርስ በርስ ሲነካኩ ሰማሁ። አላንኳኳችም። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማኛል፤ በሩ ማዶ ያለችው ሴት ትንፋሽ ግን አይሰማኝም። ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ይሁን» አለች። ለዘበኛው እንዳይሆን፣ ዘበኛው የለም።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰንሴ ብላኝ አታውቅም። እንደ ሰዉ ሁሉ «መምህርት» ትለኝ ጀመር፤ ማሰሮውንም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ትሸጥልኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ መሄዷን ካረጋገጥኩ በኋላ በሩን ከፈትኩ። ጫማዎቼ እንደተውኳቸው አልነበሩም። ስገባ አንዱን ባንዱ ላይ ወርውሬያቸው ነበር። አሁን ጭቃቸው ተፍቆ፣ ጎን ለጎን ተስተካክለው፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ ዞሯል፤ ስወጣ እግሬን ብቻ እንድከትባቸው ሆነው። ያቺ ጃፓን ቤቷ ለገባ ሰው ሁሉ ጫማውን እንዲህ ታዞርለት እንደነበር መንደሩ ውስጥ እየሣቁ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር።

ግራና ቀኝ አየሁ። ሰው የለም። መሀረቤን አወጣሁና ጣቶቿ ነክተውት ይሆናል ያልኩትን ቦታ ሁሉ፣ ተረከዙን፣ ጎኑን፣ የውስጡንም ጠርዝ፣ በደንብ ጠረግኩት። ከዚያ ጫማዬን አደረግኩ፤ መሀረቡንም እዚያው ቦይ ውስጥ ጣልኩት።